የሁለት ድስት በርበሬ

ምንቸት አብሽ ደቆ ከተከተፈ ወይም ከተፈጨ ሥጋ፣ በብዛት ከተቁላላ ቀይ ሽንኩርት፣ ከበርበሬና ከንጥር ቅቤ የሚሠራ ቀይ ወጥ ነው። ምንቸት የሚባለው አፈ ጠባብና ሆደ ሰፊ የሸክላ ማብሰያ ሲሆን፣ አብሽ ደግሞ ታምሶና ተፈጭቶ ለወጡ ውፍረትና መዓዛ የሚሰጥ፣ ብቻውን ሲቀመስ ግን መረር የሚል የቅመም ፍሬ ነው። በወሎ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ቤቶች ትዝታ ውስጥ ይህ ወጥ የዶሮ ወጥን ያህል ክብር የለውም፤ ዶሮ ወጥ አሥራ ሁለት ብልት የሚወጣለት፣ ለዓመት በዓልና ለክቡር እንግዳ የሚታሰብ፣ የሴት ባለሙያነት የሚለካበት የማዕረግ ምግብ ሲሆን፣ ምንቸት አብሽ ሥጋው አስቀድሞ ስለደቀቀ ቶሎ የሚበስል፣ እንግዳ በድንገት ሲመጣ ወይም ከበዓል የተረፈ ሥጋ ሲኖር የሚጣድ፣ ገና ወጥ መሥራት የምትማር ልጅም በእናቷ ዓይን ሥር ልትወጣው የምትችል ቀላል ድስት ነበር። ሥጋ በሌለበት ቀን በዚያው ቁሌት ላይ፣ ማለትም ሽንኩርቱና በርበሬው በዘይት ወይም በቅቤ ተቁላልተው በሚያወጡት የወጥ መሠረት ላይ፣ ሽሮ ይበጠበጥበታል፤ ሁለቱን ማጣመር ለፈለገ ደግሞ ደቃቅ ሥጋ የገባበት ቦዘና ሽሮ አለ።

ይሁን እንጂ ማታ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ የሚደርሰው ይህ ወጥ ቀላል የሚሆነው ወራት የፈጀ ዝግጅት ስለቀደመው ነው። ድስቱን የምትጥደው ሴት አንድ ጭልፋ በርበሬ ከዕቃው ስትጨልፍ የምታወጣው በየቀኑ ቢሠራ ማንም የማይችለውን፣ በዓመት አንድ ጊዜ ግን በብዙ እጅ የተሠራውን የድካም ክምችት ነበር። ስለዚህ የቀላሉን ድስት ታሪክ በትክክል ለማስታወስ የሚፈልግ ሰው ከምድጃው ሳይሆን ከግቢው መጀመር ይኖርበታል።

የበርበሬ ወራት የሚገባው ክረምቱ ወጥቶ አዲሱ ዛላ፣ ማለትም ያልተፈጨው ሙሉ የደረቀ በርበሬ፣ በገበያ መታየት ሲጀምር ነው። ከአካባቢው ቆላ የመጣውም ሆነ ነጋዴ ከጎጃም፣ ኋላም ከማረቆና ከአላባ ያመጣው ዛላ በጆንያ ተገዝቶ ከገባ በኋላ መጀመሪያ ይለቀማል፤ ነጭ የመታው፣ የጠቆረውና ሻጋታ የነካው ተለይቶ ይወጣል፣ የቀረውም ጭራው እየተቀነጠሰ ይታጠብና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ቀጥሎ የሚመጣው መደለዝ የሚባለው ሥራ ነው፤ ይህም በርበሬውን ከእርጥብ ቅመሞች፣ ይኸውም ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር በሙቀጫ እየወቀጡ ማዋሐድ ሲሆን፣ ከሁሉም የከበደው፣ ክንድ የሚያዝለውና ዓይን የሚያስለቅሰው ክፍል እርሱ ነበር። የተደለዘው ተመልሶ ይሰጣል፤ ሲደርቅም ኮረሪማው፣ ነጭና ጥቁር አዝሙዱ፣ ድምብላሉ፣ አብሹ፣ ቅርንፉዱና ቀረፋው እያንዳንዱ በየራሱ እሳት ታምሶ ከጨው ጋር ይቀላቀልበታል። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው ወፍጮ ቤት የሚሄደው፤ ወፍጮ ቤቶችም የበርበሬውን ወፍጮ ከእህሉ ለይተው ያቆማሉ፣ አለዚያ የሚቀጥለው ባለ ጤፍ እንጀራው ያቃጥለዋልና። ተፈጭቶ የተመለሰው ዱቄት በወንፊት ተነፍቶ፣ አየር እንዳይገባው ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ተጠቅጥቆ ይቀመጣል። ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን፣ ገና ያልደረቀ ቀይ በርበሬ ከእርጥብ ቅመም ጋር ተደልዞ እንደ ሊጥ የሚቀመጠው ድልህ ይሰናዳል፤ ድልህ ወጥ በሌለበት ሰዓት እንጀራ የሚበላበት ነው።

ለዚህ ሥራ የአየሩ ጠባይ ወሳኝ በመሆኑ ሁለቱ ከተሞች እርስ በርስ ይፈላለጉ ነበር። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች፣ ጭጋግና ብርድ የማያጣት ከተማ ስትሆን፣ ኮምቦልቻ ከእርሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወርዱ በቦርከና ወንዝ ሜዳ ላይ፣ ወደ 1850 ሜትር ከፍታ ትገኛለች። በደሴ ጠዋት የተሰጣ በርበሬ እኩለ ቀን ላይ ደመና ሲመጣ በጥድፊያ ይነሣል፣ ደመናው ሲገፈፍ ደግሞ ይሰጣል፤ ሕፃናትም ከትምህርት ቤት መልስ የሚሰጣቸው ሥራ ዶሮና ዝናብ መጠበቅ ነበር። በኮምቦልቻ ግን ያው በርበሬ በጥቂት ቀናት ውስጥ በእጅ ሲጨብጡት የሚንኮሻኮሽ ይሆናል። ኮምቦልቻ ዘመድ ያለው የደሴ ቤተሰብ ጆንያውን ወደዚያ ቢልክ የሚያስገርም አልነበረም፤ ከደጋው ባቄላና አተር ሲወርድ ከቆላው የደረቀ በርበሬ ይወጣል። ከዚያ አልፎ በስተምሥራቅ የባቲ የሰኞ ገበያ አለ፤ አፋሩ ከብቱንና ግመሉን፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉን ይዞ የሚገናኝበት ይህ ሰፊ ገበያ የወሎን ጓዳ ለዘመናት ሲሞላ ኖሯል።

ይህን ሥራ አንዲት ሴት ብቻዋን አትጀምረውም ነበር። የአንድ ግቢ ወይም የአንድ ሠፈር ሴቶች ተጠራርተው ዛሬ የአንዷን፣ ከነገ ወዲያ የሌላዋን ይቀነጥሳሉ፣ ይደልዛሉ፤ ቡና ይፈላል፣ አቦሉ ቶናው በረካው ይጠጣል፣ በሙቀጫው ዙሪያ ዘነዘናው ከእጅ እጅ ይተላለፋል። የወሎ ሠፈር ደግሞ እንደሚታወቀው ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አጥር ለአጥር፣ አንዳንዴም በአንድ ጣራ ሥር የሚኖርበት፣ አንድ ቤተሰብ በሁለት ሃይማኖት የሚከፈልበት አገር ነው። በርበሬ ቀንጣሾቹም እንዲሁ ነበሩ። የክርስቲያኗ በርበሬ በሙስሊም ጎረቤቷ እጅ ይደለዛል፣ የሙስሊሟም በክርስቲያኗ ሙቀጫ። እዚህ ላይ የሚታየው ነገር ለጉዳዩ ዋና በመሆኑ ቀረብ ብሎ መመርመር ይገባዋል።

በኢትዮጵያ ሥጋ የሃይማኖት ወሰን ምልክት ሆኖ ኖሯል። ክርስቲያኑ በሥላሴ ስም የተባረከውን፣ ሙስሊሙ በቢስሚላህ የታረደውን እንጂ አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም፤ የሌላውን እርድ መብላት ሃይማኖትን የመለወጥ ያህል የሚቆጠርበት ጊዜም ነበር። በወሎ ይህ ወሰን ከባድ ታሪክ አለው። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ የተጠራው ጉባኤ የቤተ ክርስቲያንን የእምነት ክርክር ከዘጋ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ የታዘዘው፣ እምቢ ያለውም የተሰደደውና የተዋጋው በዚያው ዘመን ነው። መሐመድ አሊ ይባሉ የነበሩት የወሎ መስፍን ተጠምቀው ሚካኤል የተባሉትም ያኔ ሲሆን፣ ኋላ ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ሆነው ደሴን መናገሻቸው አደረጓት። በደሴ ያሠሩት ታላቁ የግብር አዳራሽ አይጠየፍ ይባላል፤ ስሙ የሚነገርለትም ማንንም ሳይንቅ፣ ማንንም ሳይለይ ያበላ እንደነበር ለማመልከት ነው። በጉልበት የተጀመረው ዘመን ያቆየው ቁስል በአንድ አዳራሽ ስም ይሽራል ማለት አስቸጋሪ ቢሆንም፣ በሁለቱ እምነቶች መካከል የነበረው የማዕድ ጥያቄ በሕዝቡ ዘንድ መልስ ያገኘው በአዋጅ ሳይሆን በድስት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መልሱም ሁለት ድስት መጣድ ነበር። በሠርግ ወይም በተዝካር የክርስቲያኑ ደጋሽ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ የሚሆን ሰንጋ ወይም በግ ለይቶ በሙስሊም እጅ ያሳርዳል፤ ሥጋው በሙስሊም ሴቶች፣ በተለየ ድስትና በተለየ ጭልፋ ይሠራል፣ ዳሱ ውስጥም በየወገኑ ይቀርባል። ሙስሊሙም ሲደግስ ለክርስቲያኖቹ እንዲሁ ያደርጋል። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ መለያየት ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን አንዱ የሌላውን ሕሊና ሳይነካ አብሮ መብላት የሚችልበትን መንገድ ከዚህ በተሻለ ማግኘት ያዳግታል፤ ወጪው ድርብ፣ ድካሙም ድርብ ሆኖ ሳለ ደጋሹ ጎረቤቱን ከድግሱ አላስቀረምና። እነዚህ ሁለት ድስቶች በእርድ ይለያያሉ፣ በምድጃ ይለያያሉ፣ በማንኪያ ሳይቀር ይለያያሉ፤ በውስጣቸው ያለው በርበሬ ግን በአንድ ሙቀጫ የተደለዘ፣ በአንድ ሸራ ላይ የተሰጣ፣ በአንድ ቀን ወፍጮ ቤት የሄደ ያው በርበሬ ነበር። በዚህ ምክንያት የሁለቱ ወገን ወጥ መልኩም ጣዕሙም ይመሳሰላል፤ የደሴን ምንቸት አብሽ ቀምሶ ከየትኛው ድስት እንደወጣ በምላሱ ብቻ የሚለይ ሰው አልነበረም።

የዘወትሩም ኑሮ እንዲሁ ነው። በርበሬ ያለቀባት ቤት ልጇን ከጎረቤት ትልካለች፤ ልጁም በሩ ላይ ቆሞ «እትዬ፣ እማዬ ለወጥ የሚሆን በርበሬ አበድሩኝ ብላለች» ይላል፤ ጎረቤቲቱም የልጁ እናት በየትኛው ስም እንደምትጸልይ ሳያሳስባት በሲኒ ሞልታ ትሰጠዋለች። የተበደረችው በሲኒው ልክ ስትመልስ የራሷን በርበሬ ትመልሳለችና በዓመቱ መጨረሻ በየቤቱ ያለው በርበሬ የሠፈሩ ሁሉ ቅልቅል ሆኖ ያርፋል።

ስለ በርበሬው አመጣጥም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የኢትዮጵያ ቀይ ወጥ ከጥንት ጀምሮ ቀይ እንደነበረ አድርገው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። በሳይንስ ካፕሲከም የሚባለው የቃሪያና የበርበሬ ወገን የበቀለው በአሜሪካ ምድር ሲሆን፣ ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ወደዚያ ከመሻገሩ በፊት በአፍሪካም ሆነ በእስያ የሚያውቀው አልነበረም። ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከዚያ ወዲህ፣ የፖርቱጋሎች መርከቦች የሕንድ ውቅያኖስን ንግድ ከያዙ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ወጥን የሚያቃጥለው ቁንዶ በርበሬ፣ ጥምዝ፣ ዝንጅብልና ኮረሪማ ነበር፤ ከእነዚህም ኮረሪማ የኢትዮጵያ የራሷ ተክል ነው። የደሴ ሴት በሙቀጫዋ የምታዋሕደው እንግዲህ ከአሜሪካ የመጣውን ዛላ፣ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ የወጣውን ኮረሪማና ከእስያ ደሴቶች በባሕር የተሻገረውን ቅርንፉድ ነው። በሌላው የዓለም ጫፍ ይኸው ተክል ሌላ ድስት ወልዷል፤ በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት የደረቀ በርበሬ፣ የተከተፈ የበሬ ሥጋና ከሙን የሚቀቀልበት ቺሊ የሚባል ወጥ አለ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሳን አንቶኒዮ ከተማ አደባባዮች ይህን ወጥ በማታ እየሠሩ የሚሸጡ የሜክሲኮ ተወላጅ ሴቶች ዝናቸው የወጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ የግዛቲቱ ምግብ ተብሎ በሕግ ታወጀ። ባቄላ መሰል ጥራጥሬ ይግባበት አይግባበት የሚለው ክርክር እዚያ እስከ ዛሬ አልበረደም፤ ቦዘና ሽሮን ለሚያውቅ አንባቢ ግን ሥጋና ጥራጥሬ በአንድ ቁሌት ውስጥ መገናኘታቸው ግራ አያጋባም። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ በቴክሳስ ቅመሙ ተፈጭቶና ተዋሕዶ በፋብሪካ መመረት የጀመረው በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በደሴና በኮምቦልቻ ግን ያው ሥራ ከዚያ በኋላም ለብዙ አሥርት ዓመታት በጎረቤታሞች እጅ ቆየ።

ድስቱ ውስጥ የሚሆነውን ነገር በተመለከተ የባለሙያዎቹ ልማድና ሳይንስ የሚናገረው ይስማማሉ። ለግማሽ ኪሎ ደቃቅ ሥጋ ከዚያ የማያንስ ሽንኩርት ደቆ ይከተፍና ያለ ቅባት፣ በለዘብተኛ እሳት፣ ውሃውን እስኪጨርስና ወዙ እስኪወጣ ይቁላላል። ከዚያ ዘይት ወይም ቅቤ ይገባል፤ ቀጥሎም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል በርበሬ ይጨመርና እንዳያርር ውሃ ጠብ እየተደረገ ረጅም ጊዜ ይማሰላል። ይህ ማማሰል የወጡ ሁሉ ቁልፍ ነው። የበርበሬው ማቃጠል የሚመጣው ካፕሳይሲን ከሚባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ እርሱም ብዙ ሰው እንደሚያስበው በፍሬው ሳይሆን ፍሬው በተጣበቀበት ነጭ ሽፋን ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ ይህ ንጥረ ነገርም ሆነ የበርበሬው ቀይ ቀለም የሚሟሟው በውሃ ሳይሆን በቅባት ነው። ቅባቱ ከቁሌቱ ተለይቶ ቀይ ሆኖ ሲንሳፈፍ የማየት ልማድ የነበራቸው ሴቶች ይህን በዓይናቸው ያነቡት ነበር፤ የተቻኮለች ወጥ ሠሪ ውሃ አብዝታ ብትቸልስ ወጡ በርበሬ በርበሬ ይላል፣ ማለትም የጥሬ በርበሬ ጣዕም አይለቀውም። ሥጋው ከገባ በኋላ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና አብሹ ይከተላሉ፤ በመጨረሻም መከለሻ፣ ይኸውም ወጥ ሊወጣ ሲል ለመዓዛ የሚነሰነሰው የኮረሪማ፣ የጥምዝና የመሰል ቅመሞች ዱቄት፣ ከንጥር ቅቤ ጋር ተጨምሮ ይከደናል።

የከፍታው ልዩነት እዚህም ይገባል። አየር ሲሳሳ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ በደሴ ከፍታ መፍላት የሚጀምረው በ92 ዲግሪ፣ በኮምቦልቻ በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ በባሕር ጠረፍ ግን 100 ዲግሪ ይደርሳል። ጠንካራ ሥጋ፣ ሽንብራና ድፍን ምስር ደሴ ላይ ዘለግ ያለ ጊዜ የሚወስዱት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሥጋን ማድቀቅና ጥራጥሬን ወደ ሽሮ መፍጨት በደጋ አገር የማገዶን ችግር ጭምር የሚያቃልል ጥበብ መሆኑም ከዚህ ጋር አብሮ ሊታይ ይገባል።

ሽሮ በሁለቱ ከተሞች ትዝታ ውስጥ የተለየ ቦታ ያለው ግን በማገዶ ቁጠባው ብቻ አይደለም። ሥጋ የሌለበት ድስት እርድ አያስፈልገውምና ለሁለት መከፈል የለበትም። በሌላው አገር እድር የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር በወሎ ቅሬ ይባላል፤ ቅሬ ሙስሊምና ክርስቲያን ሳይል ጎረቤትን ሁሉ በአንድ ላይ የሚያቅፍ ሲሆን፣ ሰው ሲሞት መቃብር ከመቆፈር አንሥቶ ለቀስተኛ እስከ ማብላት ያለውን ኃላፊነት ይወጣል። ለለቅሶ ቤት ከየቤቱ በሰፌድና በድስት የሚመጣው እንጀራ፣ ሽሮና ምስር ወጥ ማን ይብላ ማን አይብላ የሚል ጥያቄ አያስነሣም፤ ለቀስተኛው ሁሉ ከአንድ ትሪ ይቆርሳል። የጾም ወጥ ተብሎ ዝቅ የሚደረገው ይህ ድስት፣ ሠርግ ሊያደርገው ያልቻለውን ለቅሶ ላይ ሲያደርግ ኖሯል። ለሽሮው የሚሆነው ሽንብራ፣ አተርና ባቄላ የሚመጣው በአብዛኛው ከደጋው ሲሆን፣ በችግር ጊዜ ግን ጓያ ይቀላቀልበት ነበር፤ ጓያ ድርቅን የሚቋቋም ሆኖ ሳለ ለወራት ሳያቋርጡ ዋና ምግብ አድርገው የበሉትን ሰዎች እግር የሚያሽመደምድ መርዝ ያለበት ጥራጥሬ ነው። ይህ በሽታ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በወሎ ደላንታ በወረርሽኝ መልክ ታይቶ ብዙዎችን፣ በተለይም ወጣቶችን፣ ለዕድሜ ልክ ምርኩዝ ዳርጓል።

የወሎን ድስት በጥጋብ ዘመኑ ብቻ ማስታወስ ሐቀኝነት ይጎድለዋል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. መንግሥት የደበቀው ረኀብ፣ እንዲሁም በ1977 ዓ.ም. ባቲንና ቆረምን በዓለም ሁሉ ያሳወቀው ረኀብ በዚህ አገር ላይ አልፈዋል። ጓዳ ሲራቆት አስቀድሞ የሚጠፋው ሥጋው ነው፣ ቀጥሎ ቅቤው፣ ከዚያ ሽሮው፤ ጨውና በርበሬ መጨረሻ ድረስ ይቆያሉ፣ እንጀራ በድልህ ወይም ደረቅ ቂጣ በበርበሬ የብዙ ቤት እራት የሆነበትንም ጊዜ ያዩ ሰዎች ዛሬ በሕይወት አሉ። ከዚህ የቅርብ የሆነውም መከራ ያው ጓዳ ደጃፍ ላይ ደርሷል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከራያ፣ ከወልድያና ከሌሎችም የሰሜን ወሎ አካባቢዎች በመንግሥትና በሕወሓት ኃይሎች መካከል በተካሄደው ጦርነት የተፈናቀለው ሕዝብ በደሴ ትምህርት ቤቶች ሲጠለል፣ የከተማው ነዋሪ ከየቤቱ እንጀራና ወጥ እያወጣ አብልቷል፤ የሚመጣው እንግዳ ሃይማኖቱ የማይታወቅ ስለነበረም በብዛት የሚጣደው ድስት ሽሮ መሆኑ የሚጠበቅ ነበር። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማለቂያ ሁለቱም ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቁ፣ ያበሉትም ራሳቸው ተፈናቃይ ሆነው ብዙዎቹ ወደ ደቡብ ተሰደዱ፤ ከተሞቹ በኅዳር መጨረሻ በመንግሥት ኃይሎች ተመልሰው ሲያዙ ወደ ቤቱ የገባው ሰው ብዙ ጓዳ ተዘርፎ አገኘ።

ትዝታ የሚያለሰልሰው ሌላም ነገር አለ። በሙቀጫ ዙሪያ የነበረው ወዳጅነት እውነት ቢሆንም ሥራው በሙሉ በሴቶች ትከሻ ላይ የወደቀ፣ ልጃገረዶችን ከትምህርት ገበታ የሚያስቀር፣ የበርበሬው ብናኝ ሳንባ የሚያስቆጣ ድካም ነበር። ምንቸቱንና ድስቱን የሠሩት ሸክላ ሠሪዎችም ሥራቸው በየምድጃው ላይ ተቀምጦ እነርሱ ግን በቡዳነት ስም እየተገለሉ፣ ከማኅበርና ከጋብቻ እየተከለከሉ ኖረዋል፤ ሁለት ሃይማኖትን ለማስተናገድ ሁለት ድስት የጣደ ኅብረተሰብ ድስቱን ለሠራችው ሴት በማዕዱ ቦታ መንፈጉ ያለ ሽፍንፍን ሊነገር የሚገባው በደል ነው።

ስለዚህም ባልትና ቤት፣ ማለትም የተዘጋጀ በርበሬ፣ ሽሮና ቅመም የሚሸጥበት ሱቅ፣ በሁለቱ ከተሞች እየበዛ መሄዱ በጅምላ የሚወቀስ አይደለም። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራና የሥጋ ፋብሪካ ያላት፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀባት ከተማ ስትሆን፣ በፈረቃ የምትሠራ ወጣት በርበሬ ለማስጣት ፀሐይ የምትጠብቅበት ጊዜም ግቢም የላትም፤ የተዘጋጀውን ገዝታ ማታ ምንቸት አብሽ መሥራት መቻሏ እናቷ ያላገኘችው ዕረፍት ነው። የሚያሳስበው የመተማመን ጉዳይ ነው። ጎረቤት ፊት የተቀነጠሰ በርበሬ ምን እንደገባበት ሁሉም ያውቃል፤ በገበያ የተፈጨው ግን የሸክላ ዱቄትን በመሰለ ባዕድ ነገር እየተበረዘ መያዙ በተደጋጋሚ የተነገረ ሲሆን፣ በሚገባ ሳይደርቅ የተከማቸ በርበሬ ላይ የሚያድገው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ ይህም መርዝ በተፈጨ በርበሬና በሽሮ ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ተገኝቷል። ነጭ የመታውን እየለቀሙ ያወጡ የነበሩት እጆች መርዙን በስሙ ባያውቁትም ከማዕዱ ያርቁት ነበር።

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከዙሪያቸው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች ለሥራ የሄዱት ወጣቶች ቁጥር ብዙ በመሆኑ ዛሬ ይህ በርበሬ በሻንጣ ባሕር ይሻገራል። ተጓዥ ሲገኝ ከየቤቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚላከው በርበሬና ሽሮ የሚበላው በሰው ቤት ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከሥራ በተረፈች ሰዓት ነው፤ እዚያም አንድ ክፍል የሚጋሩ የሁለቱ እምነት ልጆች የሠፈራቸውን ልማድ ሳያስተጓጉሉ ሥጋውን ለይተው፣ በርበሬውን ግን ከአንድ ፌስታል እየጨለፉ ይሠራሉ።

የዚህ ዕውቀት ትልቁ ክፍል እስካሁን በጽሑፍ አልሰፈረም። የእያንዳንዱ ቤት በርበሬ የራሱ ልክ አለው፤ አንዷ ጥቁር አዝሙድ ታበዛለች፣ ሌላዋ ቅርንፉድ ትቀንሳለች፣ ልኩም የሚነገረው በኪሎና በግራም ሳይሆን በእፍኝ፣ በጭብጥና በሲኒ በመሆኑ ባለቤቲቱ ስታልፍ አብሯት ያልፋል። በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎች ያሉት ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ እነዚህ እናቶች ቢልክ፣ እፍኛቸውን በሚዛን አስለክቶ ማስመዝገብ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ሲመዘገብም የቅመሙ ዝርዝር ብቻውን አይበቃም፤ በየዓመቱ ማን ከማን ጋር እንደቀነጠሰ፣ ሙቀጫው የማን ቤት እንደነበረ፣ የማን በርበሬ ለማን ድግስ እንደተበደረ፣ በሠርጉም ቀን ሁለተኛውን ድስት ማን እንደጣደው አብሮ መጻፍ አለበት።